ሔዶ ታስሯል

ጅቡቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለእትዬ በለጠች፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን፣ ከጤናሽ ቀጥሎ የጉልበትሽን ነገር፣ ከጉልበትሽ ቀጥሎ የቢሮሽን የጽሕፈት መኪና ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ ሙቀቱ ካስተረፈልኝ አካሌ ጋር ደኅና ነኝ። በደብዳቤ ላይ ታላቅ ሰው «እርስዎ» እንደሚባል አውቃለሁ። ነገር ግን ድሬ ተወልጄ ዕድሜዬን ሙሉ «አንቺ» ያልኩሽን ሴት ዛሬ ከባሕር ማዶ «እርስዎ» ብልሽ፣ ልጁ ታሟል ብለሽ ትደነግጫለሽ።

ሥራዬ ያው ነው። መርከብ ይመጣል፣ ጆንያ ይወርዳል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩት ይጠፋል፣ ጆንያው ግን በአብዮታዊ ዲሲፕሊን ፉርጎው ላይ ይወጣል። መሥሪያ ቤቴ የላከኝ እስከ መጋቢት 30 ነው። ያን ቀን ድሬ ጣቢያ ካልወረድኩ፣ «ይመለሳል» ብለሽ የፈረምሽው ዋስትና ቤትሽን፣ ሥራሽን፣ ምናልባትም አንቺን ራስሽን ጠቅልሎ እንደሚወስድ አልረሳሁም። አባቴና አንቺ በስንተኛ ቤት እንደምትዛመዱ እስካሁን ጨርሶ የቆጠረ ሰው የለም። በሥጋ ሩቅ ነን፤ በፊርማ ግን ከእናትና ልጅ እንቀርባለን። ስለዚህ አትስጊ፣ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኹርሲ የሚባል የወደብ ክሬን ነጂ ጓደኛ አለኝ። ታኅሣሥ 8 ቀን ሃዎ የምትባል ልጅ ያገባል። እኔም በወንድ ወገን ተጠርቻለሁ። ተጠራሁ ብቻ ሳይሆን ተሾምኩ፤ ሔዶ ፈቺ ሆኛለሁ!

አንቺ ከሱማሌ ጎረቤት ጋር ያደግሽ ስለሆንሽ ሔዶን ታውቂዋለሽ። እኔ ግን በቅርብ ያየሁት ገና አሁን ስለሆነ ልግለጽልሽ፤ መግለጽ ካልቻልኩ ያመኛል። የሙሽራዪቱ እናት ቋንጣ በቅቤ ታበስልና በእንጨት ዕቃ ትሞላለች። ዕቃውን እንደ ሙሽራ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ከዚያ በገመድ ላይ ገመድ፣ በቋጠሮ ላይ ቋጠሮ እየጨመረች፣ ጫፉ የት እንደገባ መልአክ እንኳ እንዳያገኘው አድርጋ ታስረዋለች። ከሰርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን ከወንድ ወገን አንድ ሰው ተመርጦ፣ በሴቶቹ ፊት ተቀምጦ ይፈታዋል። ቢላ ክልክል ነው። ያቃተው ይገረፋል። ለጨዋታ ነው ይላሉ፤ አለንጋውን ግን አይቼዋለሁ፣ ተጫዋች አይመስልም። ኹርሲ እኔን የመረጠኝ «አንተ ከነጋ እስኪመሽ የጆንያ ገመድ ስትፈታ የምትውል ሰው» ብሎ ነው። ሥጋውን ደግሞ አልቀምሰውም፤ አንደኛ የእስላም ሥጋ ነው፣ ሁለተኛ የነቢያት ጾም ነው። የማልበላውን ልፈታ ተሾምኩ ማለት ነው።

የሃዎ እናት፣ ወይዘሮ ቢሻሮ፣ ከወዲሁ አስራ ጨርሳለች። በአጭሩ ነገሩ ይኸው ነው፦ ሔዶ ታስሯል። በሰባተኛው ቀን የምፈታው እኔ ነኝ። ካልፈታሁት ግርፋት አለ። እባክሽ መጋላ ወርደሽ ባለ ሱቋ ሱማሌዪቱ ሃሊሞ ዘንድ ብቅ በይና አፈታቱን ጠይቀሽ በቶሎ ጻፊልኝ። የወንድ ወገን ክብር ነውና ለማንም አታውሪ።

ሹመት የከበደው ዘመድሽ
ሀብተ ማርያም


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሔዶ ፈቺው ለጓድ ሀብተ ማርያም፤ ጅቡቲ

ሰላምታዬ ከዚራ ጥላ ሥር ተነሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ላብ ሳይዘው ይድረስህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንተ ከለጠፍከው በተሻለ ሁኔታ ተለጥፎ ነው የደረሰኝ፤ በመንገድ ላይ ሙያ ያለው ሰው እጅ ገብቶ ነበር መሰለኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል። የቢሮዬ የጽሕፈት መኪና «ሀ»ን መምታት ካቆመች ሦስት ወር ሆናት። አለቃችን ግን «ያለ ሀም ቢሆን ትግሉ ይቀጥላል» ስላለ በ«ሐ» እየታገልን ነው።

አንተ ልጅ፣ ለሥራ ተልከህ ሰርግ ላይ ሹመት ትቀበላለህ? ምን አለ እንደ ሰው ቁጭ ብለህ ተምርህን ብትበላ! የሆነ ሆኖ ሃሊሞን አገኘኋት። ሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገሩን ስነግራት እስክታስላት ሳቀች።

«ሀብቴ? ያ የጫማውን ክር የማያስረው ሀብቴ ነው ሔዶ የሚፈታው?»

«እሱው ነው። ንገሪኝና ልጻፍለት።»

«ለየትኛው ወገን ነው የሚፈታው?»

«ለወንድ ወገን ነዋ።»

«እንግዲያው ጻፊ» አለችና እያንዳንዱን በጣቷ እያሳየች አጻፈችኝ። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

ቀዩን ፊት ለፊት አትግጠመው። በነጩ ሥር ገብተህ በግራ ውጣ። ሦስት ቋጠሮ እንደ ዘበኛ ተደርድረው ታገኛለህ፤ መካከለኛው ለይስሙላ ነው፣ እሱን ዝም ብለህ እለፈው። ካለፍክ በኋላ ቀስ ብለህ ሳብ፤ ከተንቀሳቀሰ አትቸኩል፣ ራሱ ይለቅሃል። አንዴ ከለቀቀ ወደ ኋላ አትመልሰው።

በል እንግዲህ። ከተገረፍክ ተገረፍኩ ብለህ ጻፍ፣ ከፈታህም ፈታሁ ብለህ ጻፍ፤ ብቻ ጻፍ። ስለ መጋቢት 30 ምንም አልልህም። ፊርማዬን ታውቀዋለህ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ጭራ ረዥም ናት፣ እስከ አንተ ትደርሳለች።

አክስት ይሁን ምን የማይታወቅ ዘመድህ
በለጠች


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ በለጠች

በመጀመሪያ ደግ ነገር ሁሉ ቤትሽ ይግባ፤ ከዚያ ወቀሳዬ ይከተል። ዝም አልሽኝ! ፖስታ በመጣ ቁጥር የወደቡን ደጅ ስጠና ሰነበትኩ። ሰርጉም አልጠበቀሽ፣ ሰባተኛውም ቀን አልጠበቀኝ።

ሰርጉስ አምሮ ነበር። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ግጥም ይደረድራሉ፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትነጥቃታለች፣ በመካከል የገባ ወንድ ስሙ ጠፍቶ ይወጣል። እኔን በምን እንደ ገጠሙብኝ ኹርሲ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ «ያሞግሱሃል» ብሎ ፊቱን አዞረ። ለሙሽራው ከሁላችንም የበለጠ የጨነቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ስድስት ቀን ሙሉ እጄ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ኹርሲ ግን ያገባ ሳይሆን የተፈታ ሰው መስሎ ይስቃል።

በሰባተኛው ቀን ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ሔዶው ከፊቴ ቀረበ፤ ቀይና ነጭ ገመድ ለብሶ፣ ወገቡን ይዞ፣ እውነተኛ ሙሽራ ይመስላል። ቢሻሮ ከፊቴ ተቀመጠች። ትልቅ ሴት ናት፤ ዐይኗ የጉምሩክ ሹም ዐይን ነው።

«ዋሪያ ሐበሻ፣ ጀምር!»

ጀመርኩ። አንዱን ቋጠሮ ስነካ ሁለቱ ይጠብቃሉ። ላቤ በአፍንጫዬ ወርዶ ገመዱን አራሰው፤ የረጠበ ገመድ ደግሞ ምን እንደሚሆን አንድ የወደብ ሠራተኛ ማወቅ ነበረበት። ሴቶቹ ዘፈኑ። አንዷ ልጅ «ገመድ አይናከስም፣ ያዘው!» ብላ በአማርኛ ስትጮህ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንደ ሕግጋቱ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ እንደ ሕግጋቱ ሦስት ጊዜ አቃተኝ። ከዚያ የኹርሲ አጎት፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፣ ተነሥቶ አንዲት ጫፍ ሳብ አደረገና ገመዱ ሁሉ እንደ ቅቤ ፈሰሰ። እልል ተባለ።

እንግዳ ስለሆንኩ ግርፋቱ ቀረልኝ። «ያልፈታ ይታሰር!» ተባለና በዚያው በተፈታው ገመድ ከምሰሶ ጋር አሰሩኝ። ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ከምሰሶው ባሕሩ ይታያል። በዚያ መካከል ወደ ድሬ የሚወጣው ባቡር ሲጮህ ሰማሁ። እጄን ለማንሣት ፈለግሁ፣ የምሰናበተው ሰው ያለ ይመስል፤ አልተነሣልኝም። ያን ጊዜ ሳቄ ትንሽ አነሰ። ለጨዋታም ቢሆን መታሰር መታሰር ነው እትዬ።

ሲመሽ ቢሻሮ ራሷ ፈታችኝ። «አሁን የቤት ሰው ነህ፤ ያሰርነው ሰው ከእኛ አይሄድም» አለች። በአክብሮት ነው ያለችው፤ ምነው ባላለች!

ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ታስሮ የተፈታው
ሀብተ ማርያም


ድሬዳዋ፣ ጥር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.
በነጋዴዋ በሳዶ እጅ

ሀብቴ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ሳዶ ይህን ወረቀት ከጨርቅ ጣቃ ውስጥ ልትሰፋው ስለሆነ ከሁለት ቅጠል በላይ አልፈቀደችልኝም። በፖስታ ያልጻፍኩልህ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል።

የኅዳር 27 ደብዳቤዬ አልደረሰህም። እዚሁ ከዚራ፣ ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት፣ ጓድ አለምብርሃን ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰውየው ከደጋ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው። አንተ የላክሃቸውም እዚያው ተገልብጠው አሉ። በቀይ እስክሪብቶ አስምሮባቸዋል። ጠራኝ፣ ሄድኩ።

«ጓድ በለጠች፣ የሔደው ማነው?»

«ማንም አልሔደም ጓድ።»

«ሔዶ ታስሯል ይላል። ሳይሔድ ታሰረ?»

«ሔዶ ዕቃ ነው።»

«ዕቃ በራሱ ይሔዳል?»

«ኧረ ሰው ይሸከመዋል!»

«ጥሩ። የሚሸከመው ማነው? ስሙን ንገሪኝ።»

«ጓድ፣ ከዚያ ጥቂት መስመር ከፍ ብለው ቢያነቡ ቋንጣ በቅቤ ነው ይላል።»

«አንብበነዋል። ስለ ቋንጣ ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው አለ? በሰባተኛው ቀን የታሰረውን እፈታለሁ ይላል። ለማንም አታውሪ ይላል። አንቺ ደግሞ መልስሽ ይኸውና፤ ቀዩን አትግጠመው፣ በነጩ ሥር ገብተህ በግራ ውጣ፣ ዘበኞቹን እለፍ። የትኛው ወኅኒ ቤት ነው? ቀዩ እኛ ነን፣ ነጩ እነማን ናቸው?»

የታኅሣሡን ደብዳቤህንማ ራሱ አነበበልኝ። «እንግዲህ እሱም ታስሮ ነበር፣ አንዲት ቢሻሮ የምትባል ፈታችው፣ ከእኛ አይሄድም ብላ አባል አደረገችው» አለኝ። የልብ ወለድ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ሸልሙት እል ነበር።

ሃሊሞን ወሰድኩለት። እናንተ ካላመናችሁ ዐይናችሁ ይመን ብላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሔዶ ሞልታና አስራ፣ በራሷ ተሸክማ ይዛ መጣች። ጓዶች ተሰበሰቡ። ሔዶው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ጓድ አለምብርሃን እጅጌውን ሰበሰበ፣ አንደኛው ጓድ ደብዳቤዬን እንደ መመሪያ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሱ ይፈጽማል። «በነጩ ሥር ገብተህ በግራ ውጣ!» ይገባል። «መካከለኛውን እለፈው!» ያልፋል። «ራሱ ይለቅሃል!» አልለቀቀም። እንደገና ከመጀመሪያው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢላ ሲያነሣ ሃሊሞ ጠረጴዛውን መታችው።

«ዋሪያ! በቢላ የሚከፍት ሌባ ነው! ካቃተህ ጀርባህን አምጣ!»

ጀርባውን አላመጣም። ውሳኔውን አመጣ፦ መመሪያው ሔዶን አይፈታም፤ ስለዚህ የሔዶ መመሪያ አይደለም፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ነው። ሎጂኩን ተመልከት፣ ቀዳዳ የለውም።

ከወጣን በኋላ ሃሊሞን «ምን አደረግሽኝ?» አልኳት።

«ሀብቴ የወንድ ወገን ነው አላልሽኝም? ለወንድ ወገን እውነቱን የሚነግር የት አለ? መውጫውን አዙሬ ነገርኩሽ። በቀኝ ነው የሚወጣው።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ለምን ዝም አልሽ?»

«እነሱስ ሴት ናቸው እንዴ?»

ተመልሳ ልትነግራቸው ተስማማች፤ እነሱ ግን «ጉዳዩ ተወስኗል» ብለው በሩን ዘጉ። ውሳኔው ይህ ነው። እስከ ሐሙስ የካቲት 1 አንተ እዚህ ቀርበህ የሔደው ማን እንደሆነ ካላስረዳህ፣ ዋስህ ትታሰራለች፣ ቤቷም ይወሰዳል።

ሀብቴ፣ ና ብዬ አልጻፍኩም። አትምጣ ብዬም አልጻፍኩም። አንተ ሃያ ስድስት ዓመትህ ነው፤ በዚህ ሰሞን ከዚራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ሁሉ ሁርሶ ነው ያለው፣ ለብሔራዊ ውትድርና። ይህንን የምነግርህ ለወሬ ያህል ነው። አየሩ ደኅና ነው። ጉልበቴም ተሽሎታል።

በለጠች


ጅቡቲ፣ ጥር 26 ቀን 1976 ዓ.ም.
በሳዶ እጅ

እትዬ፣

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ሌላውን ስመጣ እመርቅሻለሁ። ወረቀትሽ ትናንት ከሰማያዊ ፖፕሊን ውስጥ ወጣ።

ኹርሲ «እዚሁ ቅር፣ ወረቀት እናወጣልሃለን» ይላል። ቢሻሮ አልጋ አንጥፋለች። የወደቡ ሐበሾች ሁሉ ምክራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚመክሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ ዋሶቻቸው የት እንደደረሱ ስጠይቃቸው ግን ጨርሶ ድምፅ የላቸውም። ማታ ማታ ይጠጣሉ።

ጉልበትሽ የተሻለው መቼ ነው? አሥር ዓመት ሙሉ ያልተሻለው ጉልበት በጓድ አለምብርሃን ጽሕፈት ቤት ተሻለው? ውሸት አታውቂበትም፤ በጽሕፈት መኪና ብትጽፊው ይሻል ነበር።

ሐሙስ የካቲት 1 ጠዋት በሚነሣው ባቡር እመጣለሁ። ከቤት አትውጪ። ለጓዱ «እየመጣ ነው» በይው። የሆነውን ሁሉ ፊት ለፊት አስረዳለሁ፤ በአማርኛ አንድ ቃል ሁለት ነገር መሆኑ የእኔ ጥፋት ከሆነ እቀጣበታለሁ።

ሀብተ ማርያም


ድሬዳዋ፣ የካቲት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.
በሳዶ እጅ፣ ወደ ጅቡቲ

ለእትዬ በለጠች፤ በወይዘሮ ቢሻሮ ቤት

ይህንን አድራሻ ስጽፍ ሁለት ጊዜ አቆምኩ። እኔ ድሬ፣ አንቺ ጅቡቲ! ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? አገር ቤት ያለው ሰው ለባሕር ማዶው የሚለውን ልበልሽ እንጂ፦ እኛ ደኅና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። ከበሩ ሥር አንድ ወረቀት ተጋድሟል። አንሥቼ ባነበው «ከቤት አትውጪ» ይላል፤ የራሴ ደብዳቤ ነው! ሳዶ ደወሌ ኬላ ላይ ጨርቋ ተይዞባት አራት ቀን ቆይታ፣ እንደ ደረሰች የጣለችው አንቺ ከወጣሽ በኋላ ነው።

መጋላ ሮጥኩ። ሃሊሞ ስታየኝ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ወላሂ እሷ አንተን ልታመጣ ዛሬ ጠዋት ሔደች! ጓድ አለምብርሃንን ስትለምነው ከርማ የይለፍ ወረቀት ሰጣት!»

አይሻ ጣቢያ ላይ የሁለታችን ባቡር ጎን ለጎን ቆሞ ነበር አይደል? ወደ ጅቡቲ ወራጁ እስኪያልፍ ወደ ድሬ ወጪው ይጠብቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመናል። እኔ ለአቧራው ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኝቼ ነበር።

ጓድ አለምብርሃን ዘንድ ራሴ ሄድኩ። ሔዶው እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ «ኤግዚቢት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦት ፋይሎቹ ሁሉ ወዝተዋል፤ የከተማው ጉዳይ በሙሉ በቅቤ ያበራል።

«መጣህ?»

«መጣሁ ጓድ።»

«ዋስህስ?»

«እኔን ልታመጣ ጅቡቲ ሔደች።»

ከዚያ መዝገቡን ስቦ ከፈተና፣ ፊቱ ሲበራ አየሁት እትዬ፤ ከሦስት ወር ድካም በኋላ እንቆቅልሹ የተፈታለት ሰው ፊት ነበር።

«እንግዲያው የሔደው ማን እንደሆነ ተገኘ» አለ።

የእኔ ፋይል በዚያው ሰዓት ተዘጋ፤ ስለ ገመድም ሆነ ስለ ቋንጣ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። የአንቺ ተከፈተ። የይለፍ ወረቀትሽ የሦስት ቀን ነውና ዛሬ አልቋል። ዋስ ሆነህ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። እስከ የካቲት 25 ካልተመለስሽ፣ ቤትሽ ይወሰዳል፣ እኔም ከሚቀጥሉት ዘማቾች ጋር ሁርሶ እገባለሁ። ከተመለስሽ ድሬ ጣቢያ ዕቃ ክፍል መልሰው ይቀጥሩኛል። ጅቡቲ ግን ከእንግዲህ የለም፤ ወረቀቶቼን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባቸዋል።

ስለዚህ አሁን እኔ የአንቺ ዋስ ነኝ። እስካሁን ምን ይሰማሽ እንደነበር ገብቶኛል። ባቡር በጮኸ ቁጥር ከደጅ እወጣለሁ።

«ና»ም «አትምጣ»ም እንዳላልሽኝ፣ እኔም «ነይ»ም «አትምጪ»ም አልልሽም። ሁርሶ ሙቀቱ ከጅቡቲ ይሻላል ይላሉ።

ሀብተ ማርያም


ጅቡቲ፣ የካቲት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.
በሳዶ ወንድም እጅ

ለዋሴ ለሀብተ ማርያም፤ ድሬዳዋ፣ ቤቴ ውስጥ

ቁልፉ ከበሩ በላይ ካለው ጡብ ጀርባ ነው፤ በመስኮት ገብተህ ከሆነ መስኮቱን ታሠራለህ። እንግዲህ ሰላምታዬ ይኸው ነው።

አይሻ ላይ አይቼሃለሁ። አንተ መሆንህን ግን አላወቅሁም። በመስኮት ማዶ አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል፤ «ይሄስ ምን ዓይነት ዕዳ የሌለበት ሰው ነው» ብዬ ቀናሁበት።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ለጓድ አለምብርሃን «ላምጣው» ብዬ ነው የወጣሁት፤ እስከ አይሻም በእርግጥ ላመጣህ ነበር። ከአይሻ ወዲህ ግን በረሃውን እያየሁ ሳስብ፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ጉልበት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ያለኝ አንድ የጽሕፈት መኪና ናት፣ እሷም የመንግሥት ናት። ጅቡቲ ስደርስ «አትምጣ፣ ቅር» ልልህ ቆርጬ ነበር። ወርጄ ኹርሲን «ሀብቴስ?» ስለው «አንቺን ሊያድን ሔደ» አለኝ። መድረኩ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሰደብኩህ፣ ከዚያ ቢሻሮ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ደግ ሴት ናት። ቋንቋ አንግባባም፤ እሷ በሱማሌኛ ትቆጣለች፣ እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ ሁለታችንም አንተን እንደሆነ እናውቃለን።

በማግስቱ ልመለስ ጣቢያ ሄድኩ። የእኛው አገር ተቆጣጣሪ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

«ሁለት ሰው ይላል።»

«እኔ አንዷ ነኝ።»

«'ወይዘሮ በለጠች ሀብተ ማርያምን ይዛ ትመለሳለች' ይላል። የታለ?»

«አገሩ ገብቷል።»

«እንግዲያው ለምን መጣሽ?»

«እሱን ላመጣ።»

«ጥሩ። አምጪውና ሁለታችሁንም አሳልፋለሁ።»

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ጊዜው አለፈበት፤ «አሁንማ ወረቀትም የለሽ» አለኝ፣ እንደ መገላገል አድርጎት። ወደቡ ላይ ያለው መሥሪያ ቤትህ ሄድኩ፤ ከድሬ አዲስ ወረቀት ይምጣ አሉ። አዲሱን ወረቀት ለማውጣት ደግሞ ራሴ ድሬ ቀርቤ መፈረም አለብኝ።

ደብዳቤህ ትናንት ሲደርሰኝ ኹርሲና ቢሻሮ አብረው ተቀምጠው ነበር። ኹርሲ እየተረጎመ «እዚሁ ቅሪ ትላለች» አለኝ። አልጋው አንተ ያልተኛህበት አልጋ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ይገባበታል። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብኩበት። ከዚያ ሁርሶ ሙቀቱ ይሻላል ያልከው ትዝ አለኝ። ውሸት አታውቂበትም ብለህ እኔን ትተቻለህ!

ስለዚህ ሳዶን ጠራኋት። እሷ በረሃውን አቋርጣ ሰው ታሳልፋለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ምሽት ላይ ተነሥቶ፣ ሦስት ቀን በግመልና በእግር፣ ኬላውን በጎን። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም።

«ከዚህ ወዴት ነው የምትወጪው?»

«ወደ ድሬ።»

«ከድሬማ ወደዚህ ነው ሰው የማመጣው።»

«እኔን ከዚህ ወዲያ ውሰጂኝ።»

«ወላሂ ወደ ውስጥ ሰው አሳልፌ አላውቅም! መንገዱን የማውቀው በመውጫው በኩል ነው፤ በመግቢያው ሲመጡበት ድንጋዩ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ነው የሚታየው።»

ቢሆንም እሺ ብላለች። ሰው ከአገሩ ይኮበልላል፤ እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ ወደ አገሬ ልኮበልል ነው። ድንበር ላይ ብያዝ ምን እንደምላቸው ሳስብ ነበር። «ወዴት ልታመልጪ ነው?» ቢሉኝ «ወደ እናንተ» ስላቸው ማን ያምነኛል? ቢሻሮ ለጉልበቴ ዘይት አሽታልኛለች፤ ግመሉ ሲነሣና ሲቀመጥ እንዴት እንደምይዝ በምልክት ስታሳየኝ ውላለች። ሃዎ አለቀሰች። ኹርሲ እስከ ከተማው ዳርቻ ይሸኘኛል።

ዛሬ ማታ እንነሣለን። ከደረስኩ ከየካቲት 25 በፊት ጓድ አለምብርሃን ፊት ቆሜ «መጣሁ» እላለሁ፤ እንዴት መጣሽ ብሎ ከጠየቀ ሌላ ፋይል ይከፍታል፣ እሱ እንጀራው ነው። ካልደረስኩ፣ ከፊርማዬ በቀር የማተርፍልህ ነገር ስለሌለ በነፍስህ ይቅር በለኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ስትለምነኝ ስለኖርክ አንዴ ስማኝ። ዘገየች ብለህ፣ ጨነቀኝ ብለህ፣ ልፈልጋት ብለህ፣ በባቡርም በግመልም በእግርም ወደዚህ እንዳትነሣ። አንዳችን መቆም አለብን አቦ! እኔ እስክደርስ ከቆምክበት እንዳትነቃነቅ።

በለጠች